ክረምቱ ሳይጠና ጓሮን ማሰናዳት፦ የአምስት ቅዳሜ ሥራ

ግንቦት ወደ ማለቂያው ሲቃረብ አንድ ጥያቄ ከየአቅጣጫው ይመጣልኛል፦ «ዝናቡ ሊገባ ነው፤ ጓሮዬ ላይ ምን ልትከል?» ጠያቂዎቼ አብዛኞቹ በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በገላን፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በለገጣፎ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚኖሩ ናቸው። እኔም መልሴን የምጀምረው በጥያቄ ነው፦ ባለፈው ሐምሌ ጓሮዎ ውስጥ ውሃ የተኛው የት ላይ ነበር? በክረምት ጎመንና ቆስጣ የሚጠወልጉት ውሃ አጥተው ሳይሆን ሥራቸው አየር አጥቶ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ውሃው መውጫ ያግኝ፤ ተክሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ይህ መመሪያ ከግንቦት የመጨረሻ ሳምንት እስከ ሰኔ መጨረሻ ባሉት አምስት ቅዳሜዎች የሚሠራውን በቅደም ተከተል ያሳያል። ከ30 እስከ 50 ካሬ ሜትር ለሚሆን ጓሮ የተዘጋጀ ነው። ሁለት ሰዎች በየቅዳሜው ሦስት ወይም አራት ሰዓት ቢሠሩ ያደርሱታል፤ ሁለተኛው ቅዳሜ ብቻ ሙሉ ቀን ይወስዳል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ዶማ፣ አካፋ፣ መኮትኮቻና ሬክ
- ሲባጎ፣ አሥር ያህል የእንጨት ችካሎችና ሜትር
- 10 ሜትር ያህል ውስጡ የሚታይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ፤ ግንበኞች ውሃ ልክ የሚይዙበት ዓይነት
- ጥልቀታቸው 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሁለት ሳጥኖች፤ የቲማቲም መጫኛ የእንጨት ሳጥን ይበቃል
- በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት፤ ለአንድ ካሬ ሜትር አንድ ባልዲ
- አንድ ባልዲ አሸዋ
- የሐበሻ ጎመን፣ የቆስጣ፣ የሰላጣ፣ የቀይ ሥርና የካሮት ዘር
- ያቆጠቆጠ ዘር ድንች
- የተነፋ የእንጨት አመድ
- ደረቅ ሣር ወይም ጭድ
- ክዳን ያለው 200 ሊትር በርሜል
- ወፍራም ጓንትና ቦት ጫማ

አንደኛ ቅዳሜ፦ መሬቱን መጠየቅና ችግኝ ማፍላት

1. ውሃ የሚሰርግበትን ፍጥነት ይለኩ። በጠዋት ተነሥተው ጓሮው መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀትና ይህንኑ ያህል ስፋት ያለው ጉድጓድ ይቆፍሩ። ውሃ ይሙሉትና ሙሉ በሙሉ እስኪሰርግ ይተዉት። ይህኛው ውሃ አይቆጠርም፤ ደረቅ አፈር በስንጥቁ በኩል ስለሚውጠው ያታልላል። ቀጥሎ ለሁለተኛ ጊዜ ይሙሉና ሰዓት ይያዙ። በአራት ሰዓት ውስጥ ከሰረገ መሬትዎ ውሃ ያሳልፋል፤ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መደብ፣ ማለትም ለመትከያ ከፍ ተደርጎ የሚከመር አፈር፣ ይበቃዎታል። በማግሥቱ ጠዋትም ውሃው እንዳለ ካገኙት 25 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለብዎት።

በአቃቂ፣ በገላንና በቱሉ ዲምቱ በኩል ያለው ጥቁር ዋልካ አብዛኛውን ጊዜ የሁለተኛው ዓይነት ነው። በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ሲረጥብ ደግሞ ያብጥና ስንጥቁ ሁሉ ይደፈናል። ከዚያ በኋላ የሚጥለው ዝናብ ላዩ ላይ ይተኛል። በእንጦጦ ግርጌ ያለው ቀይ አፈር የተሻለ ያሳልፋል፤ የእርሱ ችግር ተዳፋት መሆኑና መታጠቡ ነው።

2. ውሃው እስኪሰርግ ችግኝ ማፍያ ሳጥኑን ያዘጋጁ። ይህን ሥራ ለሌላ ቅዳሜ አያስተላልፉት፤ ጎመን ተዘርቶ ለመዛወር ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ይፈልጋል። የሳጥኑን ሥር በስምንት በአሥር ቦታ ይብሱ። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅለው ይንፉና ይሙሉት። ድብልቁ ላይ የፈላ ውሃ አፍስሰው ቢያቀዘቅዙት ችግኝ የሚገድለውን ሻጋታና የአረሙን ዘር ይቀንስልዎታል።

በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት መስመር አውጥተው የጎመኑን ዘር አንድ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ያፍስሱ። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ከደረቅ አሸዋ ጋር ቢቀላቅሉት ተራርቆ ይወድቃል። የሰላጣ ዘር ለመብቀል ብርሃን ስለሚወድ አፈር በስሱ ብቻ ነስንሰው ይተዉት። ሣር አልብሰው ያጠጡ፤ ጎመኑ ከአራት እስከ ሰባት ቀን ውስጥ ብቅ ሲል ሣሩን በዚያው ቀን ያንሱ። አንድ ቀን እንኳ ቢዘገይ ችግኙ ብርሃን ፍለጋ ይመዘዝና አንገቱ ይቀጥናል።

ዘሩ ያረጀ መስሎ ከተሰማዎት አሥር ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ለአንድ ሳምንት ያቆዩ። ከስድስት በታች ከበቀለ ሌላ ዘር ይግዙ።

3. በሳምንቱ መካከል ዝናብ ከጣለ ውሃ በተኛበት ሁሉ ችካል ይትከሉ። ከቤት ሲወጡ ዐይተው የሚያልፉት ኩሬ ቅዳሜ ሲመጣ ደርቆ ይጠፋል፤ ችካሉ ግን ቦታውን ያስታውስዎታል።

ሁለተኛ ቅዳሜ፦ ቦይና መደብ

ከአምስቱ ቅዳሜዎች አንዱን ብቻ የመሥራት ዕድል ቢኖርዎ ይህንን ይሥሩ።

4. አፈሩ ለቁፋሮ መድረሱን ይፈትሹ። አንድ ጭብጥ አፈር ጨብጠው ወደ መሬት ይጣሉት። ከተበታተነ ጊዜው ነው። እንደ ጭቃ ኳስ ተድቦልቡሎ ከቀረ ሁለት ቀን ፀሐይ ይጠብቁ። ዋልካ ለቁፋሮ የሚመችበት ጊዜ አጭር ነው፦ ዝናብ ሳይነካው ድንጋይ ነው፤ ከጠገበ በኋላ ደግሞ ከአካፋው አይላቀቅም። በጭቃነቱ የተቆፈረ ዋልካ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይሆናል፤ ሥር አያስገባም።

5. የግንባታ ትራፊውን ያውጡ። አዲስ ቤት በተሠራበት ግቢ ውስጥ የሲሚንቶ ቅራሪ፣ ሚስማር፣ የፌሮ ቁራጭና ጠርሙስ አፈሩ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። የመጀመሪያውን 20 ሴንቲ ሜትር በዶማ እየፈነቀሉ ይልቀሙት። ካሮት ጠጠር ሲነካ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ልጆች ባዶ እግራቸውን የሚሮጡትም እዚያው ነው።

6. ውሃው ወዴት እንደሚወጣ ይወስኑ። የጓሮዎን ዝቅተኛ ጫፍ ያግኙና ከዚያ ተነሥቶ ወደ መንገድ ዳር ቦይ የሚወስድ ዋና መስመር በሲባጎ ይዘርጉ። ዝንባሌውን በዐይን አይገምቱ። የላስቲክ ቱቦውን አረፋ ሳያስቀሩ ውሃ ሙሉት፤ አንዱን አፍ በላይኛው ችካል፣ ሌላውን በታችኛው ችካል ላይ ይያዙ። ውሃው በሁለቱም በኩል እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። ከውሃው እስከ መሬት ያለውን በሁለቱም ችካል ለክተው ያቀናንሱ፤ ልዩነቱ ዝንባሌው ነው። ለአንድ ሜትር አንድ ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ የአሥር ሜትር ቦይ መጨረሻው ከመነሻው አሥር ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል ማለት ነው። ከዚያ በጣም ካነሰ ውሃው ይቆማል፤ በጣም ከበዛ አፈሩን ይዞ ይሄዳል። ቡራዩን በመሰለ ተዳፋት ቦታ ቦዩን ቁልቁል አይልቀቁት፤ ተዳፋቱን አግድም አቋርጦ በትንሹ ዘመም እንዲል ያድርጉ።

7. መደቡን ያውጡ። ስፋቱ አንድ ሜትር ይሁን፤ በሁለቱም በኩል ቆመው እጅዎ መካከሉ ድረስ ይደርሳል፤ መርገጥ አያስፈልግም። የተረገጠ መደብ ውሃ ያቁራል። በመደቦቹ መካከል 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ይተዉ። ከቦዩ የሚወጣውን የላይኛውን 20 ሴንቲ ሜትር አፈር መደቡ ላይ ይጫኑ። ከዚያ በታች ያለው አፈር ቀለሙ ከነጣ ወይም ከገረጣ መደቡ ላይ አያውጡት፤ ለም አይደለም፤ ለመንገድ መደልደያ ይሁን። የመደቡን ወገብ ትንሽ ከፍ፣ ዳርና ዳሩን ዝቅ አድርገው በሬክ ያስተካክሉ። በመጨረሻም ለካሬ ሜትር አንድ ባልዲ የበሰበሰ ፍግ አፍስሰው ከላይኛው 15 ሴንቲ ሜትር ጋር ያዋህዱ። ካሮት የሚዘሩበትን መደብ ግን ፍግ አያብዙበት፤ ሥሩ ቅርንጫፍ ያወጣል።

በመጀመሪያው ዓመት እኔ ይህን ሁሉ ትቼ በደልዳላው ዋልካ ላይ ቆስጣ ዘራሁ። በሐምሌ አጋማሽ ቅጠሉ እንዳለ ቢጫ ሆነ። ምግብ ያነሰው መስሎኝ ዩሪያ ጨመርኩ፤ ምንም አልተለወጠም። በዝናብ መሀል ቦይ ከቆፈርኩለት በኋላ ግማሹ አገገመ፤ ግማሹ ግን ሥሩ በስብሶ ነበር። በሰሜን ሸዋ የእነዋሪ ገበሬዎች በዋልካ መሬታቸው ላይ አፈሩን በእጃቸው እየዛቁ ሰፋፊ መደብ የሚያወጡት ይህንኑ ለማምለጥ ነው።

ሦስተኛ ቅዳሜ፦ ድንችና በቀጥታ የሚዘሩት

8. ድንቹን ይትከሉ። የእንቁላል ያህል መጠን ያለው፣ ቡቃያው ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር የደረሰ፣ አጭርና ወፍራም የሆነውን ይምረጡ። ረጅምና ነጭ ቡቃያ በጨለማ የተቀመጠ ዘር ምልክት ነው፤ ሲተክሉት ይሰበራል። ከገበያ ገና ተቆፍሮ የመጣ ድንች ዐይኑ ስላልነቃ ወር ሙሉ አፈር ውስጥ ተኝቶ ሊበሰብስ ይችላል። ከሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት ጉደኔ፣ በለጠና ጃለኔ የሚባሉት ዝርያዎች ለዚህ ደጋ ይስማማሉ፤ ዘር ሲገዙ በስማቸው ይጠይቁ።

በመስመሮች መካከል 75፣ በድንችና በድንች መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ይተዉ፤ ጥልቀቱ 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ለአሥር ሜትር መስመር 33 ያህል ድንች ይበቃል። ግንዱ 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ከሁለቱም በኩል አፈር ያስታቅፉት፤ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ይድገሙት። ድንቹ የሚያፈራው ከተቀበረው ግንድ ስለሆነ አፈሩ በጨመረ መጠን ቦታ ያገኛል። ፀሐይ የነካው ድንች ደግሞ አረንጓዴ ይሆናል፤ አረንጓዴው መርዛማ ስለሆነ አይበላም።

አምናና ካቻምና ድንች፣ ቲማቲም ወይም ቃሪያ በነበረበት መደብ ላይ አይትከሉ። እነዚህ የአንድ ቤተ ዘመድ ተክሎች ናቸው፤ በሽታቸውም አንድ ነው።

9. ቆስጣ፣ ቀይ ሥርና ካሮት እዚያው መደቡ ላይ ይዝሩ። የቆስጣንና የቀይ ሥርን ዘር ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያሳድሩት፤ አንዱ ፍሬ የብዙ ዘሮች ጥቅል ስለሆነ ከአንድ ጉድጓድ ሁለትና ሦስት ቡቃያ ይወጣል። ሲበቅል አንዱን ትተው ሌላውን ይንቀሉ፤ የተነቀለው ለወጥ ይሆናል። ቆስጣ በ30፣ ቀይ ሥር በ10፣ ካሮት በ5 ሴንቲ ሜትር ይሳሳ። ካሮት ለመብቀል እስከ ሦስት ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል ተስፋ ቆርጠው መደቡን አይገልብጡት። ከባድ ዝናብ የመደቡን ፊት ሲደበድበው ቅርፊት ይሠራል፤ ቡቃያው ያንን ገፍቶ መውጣት ያቅተዋል። ለዚህ ነው ዘሩን በአፈር ፈንታ በተነፋ ኮምፖስት በስሱ መሸፈን የሚሻለው።

አራተኛ ቅዳሜ፦ ብስባሽና የጣሪያ ውሃ

10. የብስባሽ (የኮምፖስት) ክምር ይጀምሩ። ውሃ የማይተኛበት ከፍ ያለ ቦታ ይምረጡ። ከታች ውፍረት ያለው ጭራሮ ይዘርጉ፤ ከዚያ ደረቅ ቅጠልና ጭድ፣ የወጥ ቤት የአትክልት ትራፊና አረም፣ ፍግ፣ ጥቂት አፈር እያፈራረቁ ቁመቱም ወርዱም አንድ ሜትር እስኪሞላ ይከምሩ። ደረቁ ከእርጥቡ ሁለት እጥፍ ይሁን፤ እርጥቡ ከበዛ ይሸታል። ክምሩ ካነሰ አይሞቅም፤ ካልሞቀ ደግሞ የአረሙ ዘር አይሞትም። መሞቁን ለማወቅ ረጅም ዱላ መካከሉ ድረስ ሰክተው ከሳምንት በኋላ ያውጡት፤ ጫፉ ለእጅዎ ሊሞቅ ይገባል። በላስቲክ ወይም በአሮጌ ቆርቆሮ ይሸፍኑት፤ ያለዚያ የሐምሌ ዝናብ ፍሬ ነገሩን አጥቦ ይወስደዋል። በወሩ ይገልብጡት። መስከረም ላይ ይደርሳል። የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ሥጋ፣ ዘይትና የውሻ ዓይነ ምድር አይጨምሩ።

11. አሸንዳውን ጠርገው በርሜሉን ከሥሩ ያስቀምጡ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። 50 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢጥል 1,000 ሊትር ይወርዳል፤ በርሜልዎ የሚይዘው 200 ብቻ ነው። የተረፈው 800 መደብዎን እንዳይንደው ከበርሜሉ አፍ ወደ ቦዩ የሚወስድ ቱቦ ያብጁለት። ውሃው ለተክልና ለእጥበት እንጂ ለመጠጥ አይሆንም።

አምስተኛ ቅዳሜ፦ ችግኝ ማዛወር

12. ከሳምንት በፊት ጀምረው ችግኙን ያላምዱ። ውሃውን ይቀንሱለት፣ ጥላውን ያንሱለት፤ ግንዱ ይጠነክራል። አራት ወይም አምስት እውነተኛ ቅጠል (ሲበቅል ከሚታዩት ሁለት ቅጠሎች በኋላ የሚመጣውን) ሲያወጣ ደርሷል።

13. ፀሐይ ስትበርድ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ወይም ደመና ሲሆን ያዛውሩ። ሳጥኑን ቀድመው ያጠጡ፤ ችግኙን በቅጠሉ ይዘው ከነአፈሩ ያውጡ፤ ግንዱን በጣት አይጭመቁት፤ ቅጠል ይተካል፣ ግንድ አይተካም። እስከ መጀመሪያው ቅጠል ድረስ ቀብረው ዙሪያውን በጣት ይጫኑ። ጎመን በ40፣ ሰላጣ በ25 ሴንቲ ሜትር። ሌሊት ግንዱን የሚቆርጠውን ትል ለመከላከል የወረቀት ቀለበት አጥልቀው ግማሹን አፈር ውስጥ ይቅበሩ። አመድም ይረዳል፤ ነገር ግን ዝናብ በጠረገው ቁጥር መድገም አለብዎት። ከአሥር ችግኝ አንዱን ለመተኪያ ሳጥኑ ውስጥ ያቆዩ።

ጥንቃቄ

ከመቆፈርዎ በፊት የውሃ ቧንቧና የመብራት ገመድ በየት እንዳለፈ ይጠይቁ። በቤቱ ግድግዳ ሥር ቦይ አይቆፍሩ፤ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቁ፤ መሠረቱ ይለሰልሳል። በፍሳሽ ጉድጓድ አጠገብና ከእርሱ በታች ባለው ዝቅታ ጥሬውን የሚበላ አትክልት አይትከሉ። ውሃዎን ወደ ጎረቤት አጥር አይልቀቁ፤ ቦዩን ከመጀመርዎ በፊት ተነጋግረው አብረው ቢያወጡት ለሁለታችሁም ይበጃል።

የዛገ ሚስማር ከወጋዎት ቁስሉን በሳሙና አጥበው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ጉዳይ ለነገ አይባልም። መብረቅ ሲጀምር ዶማውን ትተው ቤት ይግቡ፤ ባሕር ዛፍ ሥር አይጠለሉ። በርሜሉ ሁልጊዜ ይከደን፤ ትንሽ ልጅ ጥቂት ውሃ ውስጥም ይሰምጣል። በሃይላንድ ፕላስቲክ ተቀድቶ ያለ ስም የሚሸጥ የተባይ መድኃኒት አትክልትዎ ላይ አይርጩ። ምን እንደሆነ፣ ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ሳይበላ እንደሚቆይ የሚነግርዎ ጽሑፍ የለውም።

በብዛት የሚታዩ ስሕተቶች

ትኩስ ፍግ መጠቀም። ሥር ያቃጥላል፤ የሆድ ትልም ይዞ ይመጣል። የበሰበሰው ቀዝቃዛ ነው፣ ይፈረፈራል፣ አፍንጫ አይሰነፍጥም።

ችግኙን በየቀኑ ማጥለቅለቅ። ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀጥኖ በአንድ ሌሊት ይወድቃል። ላዩ ደረቅ ሲል ብቻ ያጠጡ። ሳጥኑን በረዶና ከባድ ዝናብ እንዳይመታው ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ያለ የሣር ዳስ ያብጁለት፤ ዝቅ ያለ ዳስ አየር ይከለክላል።

ቦዩን ቆፍሮ መርሳት። አንድ ከባድ ዝናብ በሚያመጣው ደለል ይሞላል። ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ በአካፋ ጠረግ ያድርጉት፤ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

የታመመውን ድንች ማየትና ዝም ማለት። በነሐሴ ብርድና ጉም ቅጠሉ እንደ ተቀቀለ ጠቁሮ መሽተት ከጀመረ በሽታው በጥቂት ቀናት ውስጥ መደቡን ይጨርሳል። ግንዱን ከሥሩ ቆርጠው ከግቢ ያርቁት፤ ብስባሽ ውስጥ አይጨምሩት። ድንቹ ቆዳው እንዲጠነክር ሁለት ሳምንት አፈር ውስጥ ትተው ይቆፍሩ፤ ከዚያ መደብ ግን ለዘር የሚሆን አያስቀሩ።

ጃርትን መዘንጋት። ሜዳና ጫካ በሚዋሰን ግቢ ድንቹን የሚያጠፋው እርሱ ነው። ከአጥሩ ሥር እየቆፈረ ስለሚገባ ሽቦውን ወይም ቆርቆሮውን 30 ሴንቲ ሜትር ወደ አፈር ያስገቡ።

ቲማቲምን በሰኔ መትከል። ይህን ጥያቄ ከሁሉም በላይ እሰማዋለሁ። ድንቹን የሚያጠቃው ያው በሽታ ቲማቲሙንም ያጠቃል፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ዝናቡ የሚበረታባቸው ወራት ናቸው፤ ሜዳ ላይ የቆመ ቲማቲም ሳያፈራ ይጠቁራል። ዘሩን እስከ ነሐሴ አጋማሽ ያቆዩት። ያን ጊዜ ጎመኑ የወጣበትን ሳጥን አፈሩን ቀይረው፣ በዳስ ሥር አድርገው ይዝሩት፤ መስከረም ላይ ሰማዩ ሲገልጥ ችግኙ ለመደብ ይደርሳል።